ስሙ የአባቱ፣ ደሙ የእናቱ

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ያነበብኳቸው አራት ኪሎ፣ አንዲት ጀበና ቡና በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቢሮዬ እዚያ ነው፤ ኪራይ የለው፣ አለቃ የለው። ከደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ የስኳርና የግፊት ጥያቄዎች ናቸው። እነሱ ለሚቀጥለው ወር ይቆዩኝ። ሦስቱ ግን ከተለያየ ሰፈር ተነሥተው አንድ በር ያንኳኳሉ። ልጁ ከማን ወረሰው? ብለው ነው የሚጠይቁት። ዛሬ ለእነሱ ልመልስ።

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሰባ ደረጃ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በተወለደ በስምንተኛው ቀን ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወስደን አስገረዝነው። ማታ ዳይፐሩን ስከፍት ደም ነው። ጠዋትም ደም ነው። ክሊኒኩ ‹ይቆማል፣ አይዟችሁ› ብሎ መለሰን። በሦስተኛው ቀን ልጁ ፊቱ ወረቀት ሲመስል ሆስፒታል ሮጥን። ደም ተሰጥቶት ተረፈ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሄሞፊሊያ ኤ ነው፣ ደሙ ቶሎ አይረጋም ተባልን። አሁን አማቴ ‹በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ያንቺው ነው› ይላሉ። ባለቤቴ ዝም ይላል። ዝምታው ይብሳል። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እናቴም ጤነኛ ናት፣ ሁለቱ ወንድሞቼም ምንም የላቸውም። እናቴን አጥብቄ ስጠይቃት ግን አንድ ወንድም እንደነበራት፣ በልጅነቱ እንጥሉ ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ብሎ እንደሞተ ነገረችኝ። ይህ ይገናኛል? አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ታናሽ እኅቴ ደግሞ በጥር ታገባለች። ምን ልንገራት?»
የአንድ ልጅ እናት፣ ከሰባ ደረጃ

የኔ እኅት፣ ከእንጥሉ ልጀምር። አዎ፣ በጣም ይገናኛል። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደተባለ መገመት አያቅተኝም። ወይ ዓይን በላው ተብሏል፣ ወይ የቆራጩ እጅ መጥፎ ነው ተብሏል። ሾተላይ ያሉም አይጠፉም። (ሾተላይ የሚባለው ዛሬ በሐኪም ቤት ሌላ ነገር ነው፤ የእናትና የፅንስ የደም ዓይነት አለመስማማት። ከዚህ ጋር አይገናኝም።) እንጥል መቁረጥ ለማንም ልጅ አደገኛ ነው። አጎትሽን የገደለው ግን ምላጩ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ደስ የማይልሽን ልናገር። አማትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ገጹን ቀደሽ እንዳትጥዪው፣ ጨርሺው።

ሰው በአብዛኞቹ ሴሎቹ ውስጥ 46 ክሮሞዞም (የውርስ መመሪያ የተጻፈበት ክር) አለው። ጥንድ ጥንድ ሆነው 23 ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጥንድ ጾታን ይወስናል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት ለልጇ ሁልጊዜ ኤክስ ትሰጣለች፤ ሌላ የላትማ። አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት ትወለዳለች፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይወለዳል። እንግዲህ አስቢው፦ ልጅሽ ወንድ የሆነው ባለቤትሽ ዋይ ስለሰጠው ነው። የባለቤትሽ ኤክስ ልጅሽ ውስጥ የለም። በሄሞፊሊያ ኤ የሚጎድለው ፋክተር 8 የሚባል ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ነገር ነው፤ እሱ የሚሠራበት መመሪያ ያለው ደግሞ ኤክስ ላይ ነው። ስለዚህ የልጅሽ ሄሞፊሊያ ከአባቱ ሊመጣ አይችልም። አማትሽ ያልዋሹት እዚህ ላይ ነው።

«ካንቺ መጣ» እና «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካሉሽ ሁለት ኤክስ የትኛው እንደሚያልፍ አንቺ አልመረጥሽም። የዓይንሽንም ቀለም አልመረጥሽም። ሴቶች ብቻ የወለደች ምራትን «ወንድ አልወለደችም» የሚሉ አማቶችን በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። በዚሁ ሕግ ከሄድን ዋዩን የሚሰጠው የእሳቸው ልጅ ነው! ያኔ ግን ሕጉን የሚያነሣው የለም።

አንቺና እናትሽ ለምን ጤነኛ ሆናችሁ? ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ነው። አንዱ መመሪያ ቢበላሽ ሌላው ይሠራላታል። ወንድ ትርፍ ጎማ የሌለው መኪና ነው፤ ያችው አንዷ ከተነፈሰች ቆመ። በሽታውን ሳትታመም የምታስተላልፍ ሴት ተሸካሚ ትባላለች።

ይህን ነገር ያስተማረኝ ነርሲንግ ትምህርት ቤት አይደለም። አባቴ ነው። አትክልት ተራ ገና ፒያሳ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው እሱ ነበር። ሁልጊዜ ቀይና አረንጓዴ ቲማቲም ቀላቅሎ ያመጣል። እናቴ «አታለሉህ» ትለዋለች። ማንም አላታለለውም፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር። የዚህም መመሪያ ኤክስ ላይ ነው የሚቀመጠው። አባቴ ያለውን አንድ ኤክስ ለእኔ ሰጠኝ፣ ስለዚህ እኔ ያለ ምንም ጥርጥር ተሸካሚ ነኝ። ቀለም ግን አጥርቼ አያለሁ። ሁለት ወንዶች ወለድኩ። ትልቁ ምንም የለውም። ትንሹ አፀደ ሕፃናት እያለ የሰንደቅ ዓላማችንን አረንጓዴ ቡናማ ቀብቶ መጣ። የልጄ መታወቂያ ላይ የአባቴ ስም የለም። ዓይኑ ግን ቁርጥ አባቴ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እኛ ስማችን ራሱ የዘር መዝገብ ነው። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። «ሰባት ቤት ቁጠር» ሲባል ምላሳችን የሚቀናው በአባት በኩል ነው። ሄሞፊሊያ ደግሞ ፈጽሞ የማይሄድበት አንድ መንገድ አለ፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ። ስማችን የሚሄድበት መንገድ ማለት ነው። ባለቤትሽና አማትሽ ሰባት ቤት ቢቆጥሩ የማያገኙት ለዚህ ነው። አንቺም በስምሽ ብትሄጂ አታገኚውም። የእናትሽ እናት ማን ይባላሉ? የእሳቸውስ እናት? እኔ የቅድመ አያቴን ስም በእናቴ በኩል አላውቅም፣ ጠይቄ ሳልጨርስ እናቴ ሞተችብኝ። አንቺ እናትሽ በሕይወት እያሉ ወረቀት ያዢ። ሴቶቹን በክብ፣ ወንዶቹን በአራት ማዕዘን ሣዪ። ደም አልቆም ብሎት የሞተ፣ ጉልበቱ እያበጠ ያነከሰ፣ ጥርስ አስነቅሎ የተሰቃየ ወንድ ካለ አጥቁሪው።

አሁን ባለው ሥዕል አያትሽ አንድ የታመመ ወንድ ልጅ ወለዱ። ለእናትሽ ያንኑ ኤክስ ሰጧት፣ እናትሽ ለአንቺ፣ አንቺ ለልጅሽ። የአጎትሽ ታሪክ ባይኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ሄሞፊሊያ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ ወደ አንዱ በቤተሰቡ ማንም የታመመ የለውም፤ የመመሪያው ብልሽት ገና አዲስ የመጣ ነው። በአንቺ ቤት ግን አዲስ አይመስልም። እርግጡን የሚናገረው የጂን ምርመራ ነው።

የምታደርጊው ሌላም አለ፦ የራስሽን ፋክተር 8 አስለኪ። ተሸካሚ ሴት ሁልጊዜ ሙሉ ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ሜሪ ላየን የተባለች እንግሊዛዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዳችው፣ በሴት እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ይተኛል። የትኛው እንደሚተኛ ዕጣ ነው። በአንዳንዷ ሴት ደህነኛው በብዛት ይተኛና ፋክተሯ ይወርዳል። የወር አበባዋ ይበዛል፣ ስትወልድ ብዙ ይፈሳታል። በእርግዝና ጊዜ ፋክተር 8 በራሱ ከፍ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ «ሲለካ ደህና ነበር» ብለሽ አትዘናጊ፤ ከወለድሽ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የሚፈሰውን ተከታተዪ።

ስለ ሆድሽ ልጅ። ሰው «አንዱ ታሟል፣ ሁለተኛው ይተርፋል» ይልሻል። አይደለም። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለሽ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ከሆነች ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ ግማሽ ነው። አልትራሳውንድ ላይ ጾታውን ጠይቂ፤ ለወሬ ሳይሆን ለሐኪሟ ስለሚጠቅማት። ለምትከታተልሽ ሐኪም ዛሬውኑ ንገሪያት። ወንድ ከሆነ በቫኩም ወይም በመሣሪያ ተስቦ እንዳይወለድ ይጠነቀቃሉ። ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ይመረመራል። ውጤቱ ሳይመጣ ግርዛት የለም። ስምንተኛው ቀን ቢያልፍ ይለፍ።

እዚህ ላይ አማትሽ ሥርዓት ተጣሰ ካሉ የምትነግሪያቸው አለ። እንደኛው በስምንተኛው ቀን የሚገርዙት አይሁድ ይህን ጉዳይ የዛሬ 1500 ዓመት ገደማ በተጠናቀረው ታልሙድ ላይ ጽፈውታል። ሁለት ልጆቿ ተገርዘው የሞቱባት ሴት ሦስተኛውን አታስገርዝ ይላል። የአራት እኅትማማቾችም ታሪክ አለ። የሦስቱ ልጆች በግርዛት ሞቱ፣ አራተኛዋ መጥታ ስትጠይቅ «አትግረዢው» ተባለች። ክሮሞዞም የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት፣ እኅት ከእኅት ጋር እንደምትያያዝ ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ለእኅትሽ ንገሪያት። እሷም ግማሽ በግማሽ ዕድል አላት። ሠርጉን የሚያስቀር ነገር አይደለም፤ ከማርገዟ በፊት መመርመር ግን ይሻላታል። ወንድሞችሽ አድገው ሰው ሆነው ካልደሙ አልወረሱትም። ያልወረሱትን አያወርሱም።

ትልቁ ልጅሽ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እየሮጠ የሚወድቅበት ጊዜ። ጭንቅላቱን ከተመታ «ይጫወታል እኮ» ብለሽ አትጠብቂ፣ ወዲያው ውሰጂው። ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ ካበጠና ከሞቀ ውስጥ እየደማ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይቅመስ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ክትባት ግን አይቅር። በቀጭን መርፌ ይወጋ፣ ከዚያ ሳይታሽ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ። የሆስፒታል ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ክትትሉን የደም ሐኪም ባለበት ቦታ አድርጊ፤ ለሰባ ደረጃ ሰው ቸርችልን ቁልቁል ወርዶ ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም።

ለባለቤትሽ ይህን ገጽ ስጪው። ዝም ያለው ምናልባት ራሱም ስላልገባው ይሆናል። እንዲህ ያሉ አባቶችን በልጆች ክፍል ኮሪደር ላይ ብዙ አይቻለሁ። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ለአምስት ቀን አልጋው አጠገብ ቆሞ ለሚስቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አስቀምጬ በእስክሪብቶ ኤክስና ዋይ ስሥልለት «ታዲያ ማንም አላጠፋማ!» ብሎ አለቀሰ።

«ሲስተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ልደታ ነው የምኖረው። ሄሞፊሊያ ቢ አለብኝ። ሁለት ዓመት አብረን የቆየን ልጅ አለች፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። እሷ ታውቃለች፣ ቤተሰቦቿ አያውቁም፤ ልንገራቸው ወይ? ወንድ ልጅ ብወልድ እንደኔ ይሰቃያል ብዬ እፈራለሁ።»

ወንድሜ፣ የፈራኸው ተገላቢጦሽ ነው። ከላይ ያለውን መልስ ካነበብክ ግማሹን ደርሰህበታል። ወንድ ልጅህ ካንተ የሚወስደው ዋይ ነው። እጮኛህ ራሷ ተሸካሚ እስካልሆነች ድረስ ወንዶች ልጆችህ አንዳቸውም አይታመሙም። ሄሞፊሊያ ቢ ከኤ ያነሰ ቁጥር ያለው ነው፣ የሚጎድለውም ፋክተር 9 ነው፤ ውርሱ ግን በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው።

ማሰብ ያለብህ ስለ ሴቶቹ ነው። ያለህ ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ ለሴት ልጅህ የምትሰጣት እሱኑ ነው። ሁሉም ሴቶች ልጆችህ ተሸካሚ ይሆናሉ። ይህ ዕጣ አይደለም፣ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ፍርሃትህን ከልጅህ ወደ ልጅህ ልጅ አሻግረው።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል ሊዮፖልድ እንዳንተው ሄሞፊሊያ ነበረበት። ዘመዳቸው በሆነው በሩሲያ ንጉሣዊ ቤተሰብ አጥንት ላይ የተደረገ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየው ዓይነቱም ያንተው ነው፣ ቢ። ሊዮፖልድ አግብቶ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ወለደ። ወንዱ ንጹሕ ሆነ። ሴቷ አሊስ ተሸካሚ ሆነች፣ ወንድ ልጇ ሩፐርት ታመመ። ሊዮፖልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1884 ወድቆ በ30 ዓመቱ ሞተ፤ ያኔ የጎደለውን ፋክተር የሚተካ መድኃኒት አልነበረም። አንተ ያለህበት ዘመን ሌላ ነው።

ለቤተሰቧ ልንገር ወይ ላልከው፣ እኔ ብሆን እነግራለሁ። ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት አንዱን፣ አፉ የማይቸኩለውን፣ ለብቻው አስረዳው። ከሠርጉ በኋላ ጉልበትህ አብጦ ሲያዩ «ደበቀን» ከሚሉህ ይሻላል።

«ክብርት ሲስተር፣ ዕድሜዬ 54 ነው፣ የካዛንቺስ ልጅ ነበርኩ። ለሥራ ጋምቤላ ሄጄ ወባ ያዘኝ። ክኒን ተሰጥቶኝ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ኮካ ኮላ መሰለ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ጂ-6-ፒዲ የሚባል ነገር ይጎድልሃል ተባልኩ። ፉልም እንዳልበላ ተነገረኝ። ከማን ወረስኩት? ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አለኝ።»

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። ከእናትዎ ነው የወረሱት። ጂ-6-ፒዲ ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ኤንዛይም ነው፣ መመሪያውም ኤክስ ላይ ነው። ሲጎድል ሰውየው ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። ከዚያ አንዳንድ መድኃኒት ሲገባ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሽንትም ይጠቁራል። ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ፕሪማኩይን በዚህ የታወቀ ነው። የትኛውን ክኒን እንደዋጡ ካላስታወሱ ካርድዎ ላይ ይፈልጉ፣ ስሙንም ቦርሳዎ ውስጥ ጽፈው ይያዙ። ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር መጀመሪያ የሚናገሩት እሱን ይሁን።

ሦስቱ ወንዶች ከእርስዎ አልወረሱም። ሴት ልጅዎ ወርሳለች፣ ወንድ ስትወልድ ታስታውሰው። እኅት ካለችዎት ደግሞ ለልጆቿ ይድረሱላቸው፤ የእኅትዎ ወንድ ልጅ ከገዛ ወንዶች ልጆችዎ ይልቅ ለእርስዎ ችግር ይቀርባል።

ፉሉን በተመለከተ፣ ባቄላ ሁሉንም ጂ-6-ፒዲ የጎደለበትን ሰው እኩል አይጎዳም። አንዴ ሽንትዎ ከጠቆረ በኋላ ግን እኔ ብሆን አልሞክረውም። ለፒያሳ ፉል ቤቶች ብቻ አይጠንቀቁ። ሽሮ ውስጥም ባቄላ የሚቀላቅሉ ባልቴቶች አሉ። ባለቤትዎን ይጠይቁና የሚቀጥለውን ሽሮ በሽምብራና በአተር ብቻ ያስፈጩ።